በጁምዓ ሰዓት ያልተኛ መንገድ

የበደለኝ ሰው ምትኩ ይባላል። የበደለኝም ሚሊኒየሙ በተከበረ በማግስቱ ዓመት፣ በኅዳር ወር፣ መርካቶ ውስጥ ነው። ስሙንና ጊዜውን ከሁሉ አስቀድሜ የጻፍኩት ወደ መጨረሻው ስደርስ አዝኜለት እንዳልሸፋፍነው ነው። ያኔ ጋሼ ምትኩ እለውና አንቱ ብዬ አናግረው ነበር። አሁን አንተ ማለትም ይበዛበታል።

ባለፈው ሳምንት ከአማኑኤል ሚኒባስ ተሳፍሬ ወደ ሰባተኛ ስወርድ ድምፁን በሬዲዮ ሰማሁት። ዝናቡ ገና ማባራቱ ስለነበረ መስኮቱ ሁሉ ተዘግቷል፤ የእርጥብ ሹራብና የቤንዚን ሽታ አፍኖናል። ጋዜጠኛዋ እንግዳዋን በመርካቶ የኔትወርክ ሥራ ፋና ወጊ እያለች ታሞግሳለች። እሱም ጉሮሮውን እንደ ድሮው ሁለት ጊዜ ጠራርጎ ጀመረ። “በዚያን ዘመን በአንድ ሕንፃ ውስጥ ብዙ ቨርቹዋል መረቦች ነበሩን። በየትኛው ውስጥ ምን ያህል ትራፊክ እንደሚያልፍ የሚያይ ሰው አልነበረም። እኔ የመንገድ መረጃውን ከትራፊኩ ቆጠራ ጋር አገናኝቼ እንዲታይ አደረግሁ” አለ። ጋዜጠኛዋ “ይገርማል!” አለችው። እኔ ግን የምወርድበት ሳይደርስ “ወራጅ አለ” ብዬ ጭቃው ላይ ወረድኩ።

“አደረግሁ” ያለውን ያደረግሁት እኔ ነኝ። እሱ ያደረገው ሌላ ነው።

ሕንፃው ከሶማሌ ተራ ወረድ ብሎ ነጋዴዎች በአክሲዮን ያሠሩት ባለ ስድስት ፎቅ ነበር። ቀለሙ ሳይደርቅ ነው ሱቆቹ የሞሉት። ደረጃው ላይ ዓመቱን ሙሉ የአዲስ ፕላስቲክ ጫማ፣ የረጠበ ካርቶንና የማንጎ ልጣጭ ሽታ አይጠፋም፤ ከሰዓት በኋላ ፀሐይ ሲበረታ ሦስቱ ይቀላቀሉና አፍንጫ ውስጥ ይጣበቃሉ። እኔ የምሠራው ምድር ቤት፣ ከሽንት ቤቱ ጎን ባለች መስኮት የለሽ ክፍል ነበር። ምትኩ የሕንፃው የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ስለነበረ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ መጋረጃ ያለው ቢሮ ነበረው። በእሱ ሥር ያለሁት ቴክኒሺያን እኔ ብቻ ነኝ። ሃያ ስድስት ዓመቴ ነበር።

እዚያ የገባሁት በሐጂ ሸምሱ ዋስትና ነው። ሐጂ በልጅነታቸው ከስልጤ አገር መጥተው፣ ከመንገድ ዳር ንግድ ተነሥተው፣ በኋላ ቴርሞስና ሳህን ከውጭ የሚያስመጡ ትልቅ ነጋዴ የሆኑ ሰው ናቸው። ሱቃቸው አራተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አባቴ መጋዘናቸውን ሲጠብቅ ኖሮ፣ መጋዘኑ በር ላይ ታሞ ነው የሞተው። እኔ ትምህርቴን ጨርሼ ሥራ ሳገኝ ዋስ አምጪ ተባልኩ። ሐጂ ፎርሙን ሳያነቡ ፈረሙልኝ። “የአባትሽን ፊት አይቼ ነው” አሉኝ። እንግዲህ መርካቶን የሚያውቅ ያውቀዋል፤ እዚያ የዋስ ፊርማ ፋይል ውስጥ አይቀመጥም፣ ሰው አፍ ላይ ነው የሚቀመጠው። ደረጃው ላይ “ይቺ የማን ናት?” ሲባል “የሐጂ ሸምሱ ናት” ይባላል፤ ከዚያ በኋላ ማንም ምንም አይጠይቅም። የነበረኝ ሀብት ይኸው ነበር። ሌላ አልነበረኝም።

ስለ ሥራው ትንሽ ልበል፤ ያለ እሱ በደሉ አይገባም። ሕንፃው ወደ ውጭ የሚወጣበት አንድ የቴሌ መስመር ነበረው። ከመስመሩ ጋር የተያያዘ ራውተር የሚባል አንድ ሳጥን አለ፤ ሥራው የመጣውን መልእክት በየትኛው መንገድ መሄድ እንዳለበት እያየ መስደድ ነው። ነገር ግን አስመጪዎቹ እርስ በርስ ይፎካከራሉና አንዱ የሌላውን ኮምፒውተር እንዳያይ ያስፈልጋል። ስለዚህ ሳጥኑ በውስጡ አምስት ሳጥን እንዲሆን ተደርጎ ተከፋፍሏል። አምስቱም በእጅ የማይዳሰሱ፣ ቨርቹዋል የሚባሉ ናቸው። እያንዳንዱ የራሱ የመንገድ ዝርዝር አለው፤ በዝርዝሩ ውስጥ የሌለ ቦታ ለእሱ በዓለም ላይ የለም። ሐጂ ለገረመው የሉም፣ ገረመውም ለሐጂ የለም። ገረመው ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደ ሐጂ የቤት ዕቃ የሚያስመጣ፣ ሁልጊዜ የመኪና ቁልፍ በጣቱ የሚያሽከረክር ጎልማሳ ነው።

ችግሩ፣ ከውጭ ሆኖ ለሚያይ ሰው ሁሉም አንድ ላይ ተደፍቶ ነበር የሚታየው። መስመሩ ይጨናነቃል፤ ማን እንዳጨናነቀው አይታወቅም። በአድራሻ እንዳትለዪ በየክፍሉ ያሉት ኮምፒውተሮች አብዛኞቹ ተመሳሳይ ቁጥር ተሰጥቷቸዋል። ቁጥር አሥራ ሁለት የሚባል ሱቅ ሶማሌ ተራም አለ፣ ሰባተኛም አለ፤ “ከአሥራ ሁለት ቁጥር ነው የመጣው” ቢሉሽ ከየትኛው ተራ እንደሆነ ካላወቅሽ ምን ይረባሻል? እንደዚያ ነበር።

በዚያ ጥቅምት በየቀኑ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ጀምሮ መስመሩ ይሞታል። ነጋዴው ሁሉ ወደ ምድር ቤት ይወርዳል። “አንቺ ልጅ፣ ይሄን ነገር ልትሠሪው ነው ወይስ በእግሬ ቻይና ልሂድ?” የሚለኝ ነበር። ምትኩ ቢሮው ተቀምጦ ስልክ አያነሣም። እኔም ሲመረኝ አንድ ነገር አሰብኩ። በየአሥር ደቂቃው የአምስቱንም ቨርቹዋል ራውተሮች የመንገድ ዝርዝር እገለብጣለሁ። ከዚያ ሳጥኑ የሚያወጣውን የትራፊክ ቆጠራ፣ ማለትም ያለፈውን መልእክት መጠን፣ በየትኛው በር ገብቶ በየትኛው እንደወጣ እያየሁ፣ ከዝርዝሩ ጋር አጋጥመዋለሁ። ያን ጊዜ አሥራ ሁለት ቁጥር የየትኛው ተራ እንደሆነ ይታወቃል። የማተሚያው ቀለም በምትኩ ቁልፍ ተቆልፎ ስለሚቀመጥ ሁሉንም በእጄ፣ ባለ ካሬ ደብተር ላይ ነበር የምሥለው። የሐጂን ክፍል በቀይ እስክሪብቶ፣ የገረመውን በሰማያዊ፤ ሌሎቹን በእርሳስ። ሥዕሉ ላይ መልእክት ሲበዛ መስመሩ ሽቅብ ይወጣል፣ ሲያልቅ ይተኛል።

በአራተኛው ቀን መስመሩን የሚገድለው ተገኘ። ምድር ፎቅ ላይ ያለው ፎቶ ቤት ነበር። የዲቪ ወቅት ነበርና ሰው ተሰልፎ ፎርም ያስሞላል፤ ፎቶ ቤቱም የሰዉን ፎቶ ሳያሳንስ እንዳለ ነው የሚልከው። ሄጄ ፎቶ ማሳነስ አሳየኋቸው። በማግስቱ መስመሩ ነፍስ ዘራ። ሐጂ ሲሰሙ አስጠርተውኝ ሻይ በቅርንፉድ አዘዙልኝ፤ ከሰምቡሳ ጋር። ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣

“ልጄ፣ እኛ የምንጽፈውንም ታነቢዋለሽ እንዴ?” አሉኝ።

“አይ ሐጂ። ደብዳቤውን አላይም። ከየት ተነሥቶ የት እንደደረሰ፣ ክብደቱም ምን ያህል እንደሆነ ብቻ ነው የማየው።”

“እሱም ቀላል አይደለም” ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ሙሉ አልነበረም። ያን ዘመን የኖረ ሰው ይረዳቸዋል። ማን የት ገባ፣ ማን ከማን ጋር ዋለ እያለ የሚመዘግብ ሰው በየሰፈሩ የነበረበት ጊዜ ነው፤ ሰው ስልክ ላይ ስለ ቲማቲም ሲያወራ እንኳ ቃል ይመርጥ ነበር። እኔ ያን ጊዜ ይህን አላሰብኩትም። ጎበዝ መሆኔን ብቻ ነበር የማስበው።

ከዚያ ዓርቡ መጣ።

ዓርብ ከስድስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ያ የመርካቶ ክፍል እንዴት እንደሚሆን ያላየ ሰው አይገባውም። ሲጮህ የዋለው መንገድ ቀስ እያለ ይረግባል። የሱቅ መዝጊያዎች አንድ ባንድ ይወርዳሉ፤ ሰዉ መስገጃውን በብብቱ ይዞ ወደ መስጊድ ይጎርፋል፤ ከመስጊዱ የተረፈው አስፋልቱ ላይ ካርቶን ዘርግቶ ይሰግዳል። እስከ ስምንት ሰዓት ድረስ አራተኛ ፎቅ ላይ ነፍስ ያለው ነገር አይገኝም። የሐጂ ሱቅ ከሠራተኛው እስከ ሐጂ ድረስ ጁምዓ ነው። ሦስት ዓርብ ሙሉ በደብተሬ ላይ የሐጂ ቀይ መስመር በዚያ ሰዓት መሬት ላይ ተኝቶ ነው የሚታየው። ደስ ይለኝ ነበር፤ ሰው ሲጸልይ ኮምፒውተሩም ዝም ሲል።

በአራተኛው ዓርብ ቀዩ መስመር ቀጥ ብሎ ተነሣ።

መጀመሪያ የቆጠራ ስሕተት መሰለኝ። ደረጃውን ሮጬ ወጣሁ። የሐጂ ሱቅ መዝጊያው ወርዷል፣ ቁልፉ ተንጠልጥሏል። ጆሮዬን ብለጥፍ የኮምፒውተሩ ማራገቢያ ብቻ ነው የሚሰማው። ተመልሼ ወረድኩ። ክብደቱ የሚወጣው የሐጂ የዕቃ ዝርዝርና ዋጋ ካለበት ኮምፒውተር ነው፤ ያ ኮምፒውተር ማንም የሌለው የራሱ ቁጥር ስለነበረው አይሳሳትም። ወደ ቴሌ መስመር ደግሞ አልወጣም። እዚያው ሳጥን ውስጥ ዞሮ ወደ ሦስተኛ ፎቅ ነው የገባው። የመንገድ ዝርዝሮቹን አውጥቼ ሳመሳክር የገረመው ዝርዝር ውስጥ አንዲት ትርፍ መስመር አገኘሁ፤ ወደ ሐጂ ኮምፒውተር የምትወስድ። በሐጂ ዝርዝር ውስጥም መመለሻዋ ተቀምጣለች። ሁለቱም በሌላው ጊዜ የሉም፤ ከጁምዓ በፊት ይገባሉ፣ ከጁምዓ በኋላ ይወጣሉ። ያደረገው ሰው ሐጂና ሠራተኞቻቸው ኮምፒውተሩ ፊት የማይቀመጡበትን ሰዓት መርጧል። ይህን ያህል ብልጠት ነበረው። ከሳምንቱ ሰዓቶች ሁሉ ምንም ነገር መንቀሳቀስ የሌለበት ይኸው አንዱ ሰዓት መሆኑ ግን አልታየውም። ማክሰኞ ጠዋት ቢያደርገው በግርግሩ ውስጥ ተውጦ እስከ ዛሬ አላየውም ነበር።

አንድ ዓርብ ማስረጃ አይሆንም ብዬ ሳምንት ጠበቅሁ። በሚቀጥለው ዓርብ ደግሞ ተነሣ። ደብተሬን ይዤ ወደ ምትኩ ቢሮ ወጣሁ።

ምሳ እየበላ ነበር። ምትኩ ዓርብን በጣም ይጾማል፤ መጾሙን ሰው እንዲያይለት በሩን ከፍቶ ነው የሚበላው። ጠረጴዛው ላይ የተዘረጋው በያይነቱ ለሦስት ሰው ይበቃ ነበር። ዘይቱ በክርኑ ሲወርድ በምላሱ ነው የሚያስቀረው። ይህን የማነሣው ለስድብ አይደለም፤ እንዲህ ነበር።

“ጋሼ ምትኩ፣ የሐጂ ኮምፒውተር ከገረመው ክፍል ጋር ተገናኝቷል። ዓርብ ዓርብ ዝርዝራቸው እየወጣ ነው” አልኩት።

የጎረሰውን ሳይውጥ “ማን ነገረሽ?” አለኝ።

“ማንም። ከመንገድ ዝርዝሩ ነው ያየሁት። ይኸው።”

ደብተሬን በዚያ እጁ ተቀበለኝና ገጹን ገለጠው። አራት ጣቱ ከነዘይቱ ወረቀቱ ላይ ታተመ። ረጅም ጊዜ አየው። ከዚያ ፈገግ አለ።

“ጥሩዬ፣ አንቺ እኮ እሳት ነሽ! እኔ ራሴ አስተካክለዋለሁ። ሐጂ ሽማግሌ ናቸው፣ በከንቱ እንዳይደነግጡ። እስካስተካክለው ለማንም እንዳትተነፍሺ። ደብተሩ እዚህ ይቆይ።”

ዛሬ የሚያቃጥለኝ ያ የመጀመሪያ ጥያቄው ነው። ንጹሕ ሰው ቢሆን “እንዴት ሆነ?” ይል ነበር። “ማን ነገረሽ?” የሚለው የሠራ ሰው ነው። ጥያቄው ጆሮዬ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ እኔ ግን አለቃዬ ነው ብዬ ደብተሬን ትቼ ወረድኩ። በየቀኑ በሐጂ ሱቅ በር አልፋለሁ። ሐጂ እጃቸውን ያነሡልኛል። እኔም እጄን አነሣለሁ። አልነገርኳቸውም።

ሐጂ ግን ዕውር አልነበሩም። አዲሱ ቴርሞሳቸው ከወደብ ሳይደርስ ገረመው ያንኑ ዕቃ፣ በዚያው ቀለም፣ ከእሳቸው ባነሰ ዋጋ ደንበኞቻቸውን እያስጠራ ያዋውላል። አንድ ጊዜ ቢሆን ዕድል ነው። ሲደጋገም ወደ ሕንፃው ሽማግሌዎች ሄዱ። መርካቶ ውስጥ ሰው ፍርድ ቤት ከመሄዱ በፊት ሽማግሌ ፊት ይቀመጣል፤ ሽማግሌ የፈረደበት ሰው ደግሞ ፍርድ ቤት ቢፈታው እንኳ ሰው ፊት አይፈታም።

የተቀመጡት ኅዳር ሲታጠን በዋለ ማግስት፣ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። የየሰፈሩ ቆሻሻ ሲቃጠል አድሮ ጭሱ ገና አልለቀቀም ነበር። የመርካቶ ቆሻሻ ደግሞ ቅጠል አይደለም፤ ፌስታል ነው፣ ላስቲክ ነው፣ የተቀደደ ጫማ ነው። የስብሰባው ክፍል ውስጥ ጉሮሮ የሚቧጥጥ ጥቁር ሽታ ገብቶ ሁሉም ያስል ነበር። ለምን እንደተጠራሁ ሳላውቅ ገባሁ። ጠረጴዛው ላይ ደብተሬ ተቀምጧል።

ምትኩ ቆሞ ተናገረ። በጣም እንዳዘነ፣ እንደ ልጁ እንደሚያየኝ፣ ነገር ግን የሕንፃው አደራ እንደሚበልጥበት ተናገረ። ከዚያ የዓርቡን ገጽ ገልጦ ለሰብሳቢው ሰጠ። ከሐጂ በቀይ ተነሥቶ ወደ ገረመው በሰማያዊ የሚገባው መንገድ፣ ከነሰዓቱ፣ በእኔ እጅ ተሥሏል።

ሰብሳቢው ሽማግሌ መነጽራቸውን ከፍ አድርገው አዩኝ። “እህት፣ ይሄን የሣልሽው አንቺ ነሽ?”

“አዎ፣ እኔ ነኝ። ግን …”

“ግኑ ይቆይ። ጽሕፈቱ የአንቺ ነው?”

“የእኔ ነው። የሣልኩት ስላገኘሁት ነው። ሌባው የሄደበትን መንገድ ነው የሣልኩት።”

አንዱ ከጥግ፣ “ሌባ ቤት የሚገባበትን ካርታ ከሌባ በቀር ማን ይሥላል?” አለ። ሌላው፣ “ማን የት ገባ፣ የት ወጣ እያለች ነው እንዴ የምትውለው? እኛ ሳናውቅ ቀበሌ ምድር ቤት ከፍቷል ማለት ነው” ሲል ተሳቀ። ሳቁ አለቀ፣ ሳሉ ቀጠለ።

ሳጥኑ ራሱ ማን መቼ እንደነካው ይመዘግባል አልኩ። ምትኩ አንገቱን እየነቀነቀ፣ ረቡዕ መብራት በፈረቃ ሄዶ ሲመለስ ሳጥኑ እንደ አዲስ ተነሥቶ መዝገቡ እንደጠፋ ተናገረ። መብራት መሄዱ እውነት ነው። ሳጥኑ ግን ባትሪ ነበረው፤ ባትሪውን የነቀለው ማን እንደሆነ የሚጠይቅ አልነበረም። የሳጥኑ መክፈቻ የይለፍ ቃል ደግሞ ለሁለታችንም አንድ ነበር። ያን ጊዜ ገጹ ላይ ያሉትን አራት የዘይት ጣቶች ዐየሁና፣ “ይኸው ጣቱ! ካሳየሁት ቀን ጀምሮ ያውቃል። ዓርብ ምሳውን ሲበላ ነው የሰጠሁት!” ብዬ ጮኽኩ። ሰብሳቢው ገጹን አሽትተው፣ “ይሄማ ሽሮ ነው” አሉ። እንደገና ተሳቀ። ምትኩም ሳቀ።

ገረመውን ጠየቁት። ቁልፉን እያሽከረከረ፣ “እኔ ኮምፒውተር አላውቅም። ያሳዩኝን አያለሁ። ከምድር ቤት ነው የመጣልኝ” አለ። ምድር ቤት ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ።

ሐጂ እስከዚያ ድረስ በመሐረብ አፋቸውን ይዘው ነበር። መሐረቡን አወረዱና፣

“ልጄ፣ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ይሄን መቼ አወቅሽ?” አሉኝ።

“ከሦስት ሳምንት በፊት፣ ዓርብ።”

“ለማን ነገርሽ?”

“በሳምንቱ ለጋሼ ምትኩ።”

“ለእኔስ?”

ብዙ ነገር ማለት እችል ነበር። እስካስተካክል አትናገሪ ብሎኝ ነው ማለት እችል ነበር። ግን በየቀኑ በራቸው ላይ እጄን አንሥቼላቸው ማለፌን እሳቸውም እኔም እኩል ነበር የምናስታውሰው።

“ዋስትናዬን አንሥቻለሁ” አሉ ለሰብሳቢው። ወደ እኔ አልዞሩም። “አባቷ ይህን አላየም፤ አልሐምዱሊላህ።”

ስወጣ ምትኩ ኮሪደሩ ላይ ጠበቀኝ። ፊቱ ላይ እፍረት የሚመስል ነገር ፈልጌ ነበር። አላገኘሁም። “አታካብጂው” አለኝ። “መርካቶ ውስጥ ዕቃ ያለቀበት ከጎረቤት ሱቅ አምጥቶ ይሸጣል፤ ወሬም እንደዚያው ነው። ገረመው ጠየቀኝ፣ ከጎረቤት አመጣሁለት። አንቺ ደግሞ ገና ልጅ ነሽ፣ ሌላ ቦታ ታገኛለሽ።” ይህን ሲለኝ የጥርሱን መፋቂያ ከአፉ አላወጣም። ኮቴ ላይ ምራቁ ተፈናጠቀ። ቤት ስደርስ ኮቱን ሦስት ጊዜ አጠብኩት። ከዚያም አልለበስኩትም።

ከኅዳር እስከ ጥር ሥራ ፈለግሁ። የሚፈልጉኝ ነበሩ፤ ኔትወርክ የሚያውቅ ሰው ያን ያህል አልነበረምና። ሁሉም ዘንድ እስከ መጨረሻዋ ጥያቄ እደርሳለሁ። “ዋስሽ ማነው?” ይሉኛል። “ድሮ ማን ነበር?” ብለው ደግሞ ይጠይቃሉ። ስሙን ስነግራቸው አንዱ ስልክ ይደውላል፤ ፎርሙም ተመልሶ መሳቢያ ይገባል። እናቴ ጾም ይዛ በየቤተ ክርስቲያኑ ትመላለሳለች። እኔ ጸሎትም አልቻልኩ። አፌ ውስጥ ያ የፌስታል ጭስ ያለ ይመስለኝ ነበር፤ ምግብ ሁሉ እሱን እሱን ይለኛል።

በጥር ማብቂያ ሰባተኛ ላይ መኪና አጠገቤ ቆመ። ገረመው ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ፣ “እህቴ፣ የኔን ሱቅ ከሞጆና ከድሬዳዋ መጋዘን ጋር የሚያገናኝልኝ ሰው አጣሁ። ነይ ሥሪልኝ” አለኝ።

“ዋስ የለኝም” አልኩት።

“እኔ እሆንሻለሁ።” ሳቀ። “ሌላው ሁሉ ይጠረጥርሻል። እኔ ግን የሐጂን ዝርዝር ከማን እጅ እንደተቀበልኩ አውቃለሁ። ከእኔ በላይ ንጹሕነትሽን የሚያውቅ ሰው አገር ውስጥ አለ?”

እውነቱን ነበር የሚናገረው። ለሽማግሌ ያልመሰከረውን ለሥራው ሲፈልገኝ መስኮት ዝቅ አድርጎ መሰከረልኝ። “ሽማግሌዎቹ ፊት እንዲህ በልልኝ” አልኩት። “እሱን ተይው፤ እሱ አልፏል። ሰኞ ትመጫለሽ ወይስ አትመጪም?” አለኝ።

ሰኞ ሄድኩ። በፎርሙ ላይ ከስሜ በታች የእሱ ስም ተጻፈ። በመጀመሪያው ቀን ወደ ሐጂ ክፍል የምትወስደው መስመር ዳግም እንዳትገባ ከእሱ በኩል ዘጋሁ። ለማንም አልነገርኩም። ገረመውም አልጠየቀኝም፤ ምናልባት አላስፈለገውም ይሆናል። ሐጂ ደረጃው ላይ ከገረመው ሱቅ ስወጣ አዩኝ። የቀረ ጥርጣሬ ቢኖራቸው ያን ቀን አለቀ። እኔም እሳቸውን ብሆን እንደዚያ ነበር የማስበው። ዘጠኝ ዓመት እዚያ ሠራሁ። ሐጂ ያረፉት በስድስተኛው ዓመት ነው። ለቅሶ ቤት አልሄድኩም። ገረመው ሄዶ ሦስት ቀን ተቀመጠ፣ ምትኩም ከጎኑ።

ሰው ጊዜ ሲያልፍ ነገሩ ሁሉ ልክ ልኩን ያገኛል ይለኛል። አላየሁም። ያየሁት፣ መንገዱን ያገኘ ሰው በመንገዱ እንደሄደ መቆጠሩን ነው። ምትኩ ሬዲዮ ላይ ነው፤ ገረመው ሁለት ሕንፃ አለው። ሐጂ ስለ እኔ የሚያውቁትን ይዘው ከመሬት በታች ናቸው። ከሦስቱ የምቀየመው ማንን እንደሆነ ስጠየቅ ምትኩን እላለሁ። “ለእኔስ?” ያሉኝን ቃል ግን ከእሱ ስም ይበልጥ ነው የምሰማው፤ ከዚህ በላይ በዚህ ጉዳይ አልናገርም።

በዚህ ወር የእህቴ ልጅ የባንክ ሥራ አገኘችና የዋስ ፎርም ይዛ ቤቴ መጣች። ጎበዝ ልጅ ናት፤ ክፉ ነገር አይቼባት አላውቅም። ፎርሙን አነበብኩት፣ አጠፍኩት፣ መለስኩላት። ለማንም ፈርሜ እንደማላውቅ ነገርኳት። አልፈረምኩላትም።